ሒሳብ 91፣ እንግሊዝኛ 52፦ በተዛነፈ የ12ኛ ክፍል ውጤት ሜዲስን ለመግባት

ውጤት በሚለቀቅበት ቀን ቡራዩም ሆነ ቱሉ ዲምቱ ጥያቄው አንድ ነው፦ «ስንት መጣ?» መልሱም አንድ ቁጥር ነው። 456 ከተባለ እልልታው ይቀልጣል፣ ቡና ይፈላል። ሜዲስን የሚያስብ ተማሪ ግን እልልታው ሲበርድ ከድምሩ ሥር ያሉትን ስድስት ቁጥሮች አንድ በአንድ ማየት አለበት። ሒሳቡና ፊዚክሱ ከፍ ብሎ ባዮሎጂው ወይም እንግሊዝኛው ቢወርድም መንገዱ አልተዘጋም። ከፊት ካሉት በሮች አንዳንዱ የሚያየው ድምሩን ብቻ ነው፤ አንዳንዱ ደግሞ ያቺኑ የወረደች ትምህርት ለይቶ ይጠይቃል። የትኛው የቱን እንደሚያይ ሳያውቁ መመዝገብ ነው ብዙዎችን የሚጥላቸው።

ይህ የሚመለከተው በተፈጥሮ ሳይንስ ተፈትነው ከ600ው ቢያንስ 300 ያመጡትን ነው። ከዚያ በታች ለሆነ ተማሪ የመጀመሪያው ጉዳይ ሬሜዲያል፣ ማለትም የማካካሻ ትምህርቱ ነው።

1. ውጤቱን ወረቀት ላይ ዘርጉት

ስልክ ላይ ያለውን ስክሪንሹት ትታችሁ ስድስቱን በደብተር ጻፉ። ለምሳሌ፦ ሒሳብ 91፣ ፊዚክስ 88፣ ኬሚስትሪ 84፣ አፕቲትዩድ 80፣ ባዮሎጂ 61፣ እንግሊዝኛ 52። ድምሩ 456፣ አማካዩ 76 ነው። ባዮሎጂው ከአማካዩ 15 ነጥብ፣ እንግሊዝኛው 24 ነጥብ ወርዷል። አምስት ስድስት ነጥብ ወረድ ማለት የማንም ነው፣ አያስጨንቅም። 15ና ከዚያ በላይ ከሆነ ግን ሥራ የሚጠይቅ ክፍተት ነው ብላችሁ ያዙት።

ከጎኑ ሌላ ዓምድ አስምሩና ከ9ኛ እስከ 12ኛ ክፍል በዚያው ትምህርት ያመጣችሁትን፣ የሞዴል ፈተናውንም ጨምራችሁ ጻፉ። እንግሊዝኛችሁ ክፍል ውስጥም ስልሳ ቤት ከነበረ 52ቱ እውነተኛ ነው። ክፍል ውስጥ 88፣ ሞዴል ላይ 80 አምጥታችሁ አገር አቀፉ ላይ 31 ከሆነ ግን ሌላ ነገር ተፈጥሯል።

በወረቀት ለተፈተነ ሰው የተለመዱት ሁለት ናቸው። አንደኛው ረድፍ መሳት ነው፦ ጥያቄ 23ን «በኋላ እመለስበታለሁ» ብሎ መዝለልና የ24ን መልስ 23 ላይ ማጥቆር። ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ በአንድ ይዛነፋል፤ ምርጫው አራት ስለሆነ ከአራቱ አንዱ ያህል በዕድል ይገጥማል፣ ውጤቱም ሠላሳ አካባቢ ይወድቃል። ሁለተኛው የጥያቄ ወረቀቱን ኮድ በስህተት ማጥቆር ወይም ሳያጠቁሩ መተው ነው። ረድፍ ስታችሁ ከሆነ ማሽኑ ያነበበው እናንተ ያጠቆራችሁትን ነውና ቅሬታ ብዙ አይረዳም። የአንድ ትምህርት ውጤት ባዶ ከመጣ ወይም በኮዱ ላይ ጥርጣሬ ካላችሁ ግን የትምህርት ምዘናና ፈተናዎች አገልግሎት ቅሬታ የሚቀበልባቸው ቀናት ጥቂት ናቸው፤ ዘመድ እስኪያማክሩ ያልፋሉ። በዚያው ቀን አስገቡ።

2. በሮቹን ለዩ

የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ምደባ ዋና መመዘኛው ድምሩ ነው። ስድስቱንም 76 ያመጣች ተማሪና ከላይ ያለው ተማሪ እዚህ እኩል ናቸው፤ ሁለቱም 456 ናቸው። ስለዚህ የተዛነፈ ውጤት ያለው ተማሪ በዚህ በር ምንም አይጎድልበትም። ጉዳቱ የሚመጣው ከምርጫ ስህተት ነው።

ስህተቱም ይህ ነው፦ ሜዲስን የሌለበትን ዩኒቨርሲቲ አንደኛ ማድረግ። ከቱሉ ዲምቱና ከኮዬ ፈጬ ለሚነሳ ልጅ ቂሊንጦ ያለው የአዲስ አበባ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ የቤት ጓሮ ነው። ሒሳብና ፊዚክሱ ዘጠና ለሆነ ልጅ ጎረቤቱም መምህሩም «እዚያ ግባ» ይሉታል። ጥሩ ትምህርት ቤት ነው፣ የሕክምና ትምህርት ግን የለውም፤ አዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂም እንዲሁ። እዚያ ከተመደቡ በኋላ ወደ ሜዲስን መዞር ዝውውር መለመን ነው፣ የሚሳካለትም ጥቂት ነው። ሜዲስን ያላቸውን አስቀድማችሁ ጻፉ፦ ጎንደር፣ ጅማ፣ ሐዋሳ፣ ባሕር ዳር፣ ሐረማያ፣ አምቦ፣ ደብረ ብርሃን፣ አሰላ ያለው አርሲ፣ ሌሎችም አሉ። ቤተሰብ «ራቀ» ሲል ከአዲስ አበባ ዙሪያ አምቦና ደብረ ብርሃን የግማሽ ቀን መንገድ እንኳ እንደማይሞሉ አስታውሱ።

አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ራስ ገዝ ከሆነ ወዲህ የራሱን የመግቢያ ፈተና ይሰጣል። የግል የሕክምና ኮሌጆችም አብዛኞቹ የራሳቸው ፈተናና ኢንተርቪው አላቸው። የወረደው ትምህርት የሚታየው እዚህ ነው።

3. ፍሬሽማን ላይ ሚዛኑን መልሱ

በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ከመግቢያው በር ይልቅ ሜዲስንን የሚወስነው የመጀመሪያው ዓመት ነው። ዲፓርትመንት ሲደለደል የ12ኛው ውጤትና የፍሬሽማን ጂፒኤ ተደባልቆ ይሰላል፤ አንዳንዱ ዩኒቨርሲቲ ፈተናም ይጨምርበታል። መቶኛው እንደየዓመቱና እንደየዩኒቨርሲቲው ስለሚለያይ በገባችሁበት ሳምንት ከሬጅስትራር ጠይቁ። «ሲኒየሮች ነገሩን» በቂ አይደለም፣ የነሱ ዓመት ሕግ ተቀይሮ ሊሆን ይችላል።

ለማየት ያህል ግማሽ በግማሽ ነው እንበል። የ456ቱ ተማሪ ከ12ኛው 38 ነጥብ ይዟል። በሴሚስተሩ እኩል ክሬዲት ካላቸው ስድስት ኮርሶች በአምስቱ ኤ፣ በእንግሊዝኛው ሲ ፕላስ ቢያገኝ ጂፒኤው 3.75 ይሆናል፤ ከ50 ሲሰላ 46.9። ድምሩ 84.9 ነው። 480 ያመጣ ጓደኛው ሁለት ሲ ፕላስ አግኝቶ 3.5 ቢሆን 40 እና 43.75፣ በድምሩ 83.75 ይኖረዋል። የ24 ነጥብ ብልጫ በአንድ ሲ ፕላስ ተበላ ማለት ነው።

ተማሪዎች ቀላል ብለው የሚንቋቸው ኮርሶችም እዚህ ላይ ነው ዋጋቸው የሚታየው። ሳይኮሎጂ፣ ጂኦግራፊ፣ ክሪቲካል ቲንኪንግ እንደ ሒሳቡ ያው ክሬዲት አላቸው፣ የሚጠየቁትም በእንግሊዝኛ ንባብ ነው። እንግሊዝኛው 52 የሆነ ተማሪ በኮሚዩኒኬቲቭ ኢንግሊሽ ብቻ ሳይሆን በነዚህም ይቀጣል። ሞጁሉን ከመማሪያው ቀን በፊት አንድ ጊዜ ያንብብ፤ ያላወቃቸውን ቃላት ሁሉ ሳይሆን በአንድ ገጽ ከሁለት ጊዜ በላይ የሚደጋገሙትን ብቻ ያውጣ። በቀን አሥር ቃል ይበቃል።

ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች በአንደኛው ሴሚስተር ማብቂያ ስትሪም (የትምህርት ዘርፍ) ያስመርጣሉ። ሒሳብና ፊዚክሱ ጠንካራ የሆነ ልጅ ክፍሉ በሙሉ ፕሪ-ኢንጂነሪንግ ሲሞላ አይቶ አብሮ ይሞላል። በዚያ ፎርም ላይ ኢንጂነሪንግ ማለት ሜዲስንን መሰረዝ ነው፤ ጤና የሚወጣው ከሌላው የተፈጥሮ ሳይንስ ስትሪም ነው።

4. ለግል ኮሌጁ መግቢያ ፈተና ስምንት ሳምንት

ያላችሁን ጊዜ ለስድስቱም እኩል አታካፍሉ። ከአሥር ሰዓት ጥናት ስድስቱን ለወረደው፣ ሁለቱን ለሁለተኛው ደካማ ስጡ፤ የቀረው ጠንካራዎቹ እንዳይዝጉ ይበቃል። ሰው በተፈጥሮው የሚችለውን ሲያጠና ደስ ስለሚለው ሒሳብ ላይ ያመሻል፤ 91ን 94 ማድረግ ግን 61ን 75 ከማድረግ ይከብዳል።

የሒሳብ ተማሪ ባዮሎጂ ላይ የሚወድቅበት ቦታ ይታወቃል። የኢንዛይም ጥያቄ በግራፍ ይመጣል፦ ሙቀቱ ሲጨምር የሥራው ፍጥነት ይወጣል፣ 37 ዲግሪ አካባቢ ጫፍ ይደርሳል፣ ከ40 በኋላ ይወርዳል። ግራፉን ማንበብ ለሱ ቀላል ነው። ጥያቄው ግን «ለምን ወረደ?» ነው፤ ከምርጫዎቹ አንዱ «ሞለኪውሎቹ መጋጨት ስላቆሙ» ይላል። ፊዚክስ የለመደ ጭንቅላት ወደዚያ ይሄዳል። ትክክለኛው የፕሮቲኑ ቅርጽ መፍረሱ፣ ዲናቹሬሽን ነው። ስለዚህ ባዮሎጂን እንደ ቃል ዝርዝር አትሸምድዱ፤ በየርዕሱ «ምን ሆነ» እና «ለምን ሆነ» የሚል ሁለት ዓምድ ሥሩ። የ11ኛና የ12ኛ መጻሕፍት ላይ ኢንዛይም፣ ጄኔቲክስ፣ ረቂቅ ተሕዋስያን፣ የኃይል ለውጥና የሰውነት ሥርዓቶች ቀዳሚ ናቸው።

ኢንተርቪው ላይ «እንግሊዝኛህ ለምን ወረደ?» መባሉ አይቀርም። «መምህር አልነበረንም» ወይም «ያን ቀን አሞኝ ነበር» ማለት፣ እውነት ቢሆንም፣ ጠያቂውን የትም አያደርሰውም። የሚሠራው መልስ ሦስት ዓረፍተ ነገር ነው፦ የወረደው የት ላይ እንደሆነ (ለምሳሌ ንባቡ ላይ ጊዜ አለቀብኝ)፣ ከዚያ ወዲህ ምን እንደተሠራ፣ አሁን ምን ላይ እንደተደረሰ። መልሱን በእንግሊዝኛ ተለማመዱት፤ ስለ ደካማ እንግሊዝኛ በአማርኛ መከላከል ራሱ መልስ ይሆናል።

ክፍያ ከመፈጸማችሁ በፊት ኮሌጁ በትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ለሜዲስን፣ ለዚያው ካምፓስ ዕውቅና እንዳለው ከባለሥልጣኑ አረጋግጡ። ለነርሲንግ የተሰጠ ዕውቅና ለሜዲስን አያገለግልም።

5. በድጋሚ መፈተን

በግል ተመዝግቦ እንደገና መቀመጥ ይቻላል፤ ግን የወረደችዋን አንዷን ነጥሎ ማሻሻል የለም፣ ስድስቱንም ነው። የ91ዱ ሒሳብ 78 ሆኖ ሊመለስ ይችላል። ድምሩ ጥሩ ከሆነና ችግሩ አንድ ትምህርት ብቻ ከሆነ ዓመቱን ፍሬሽማን ላይ ማዋል ይሻላል ባዮች ነን።

6. ሰነድና የፈተናው ጠዋት

የ12ኛ ሰርተፍኬት፣ የ9–12 ትራንስክሪፕት፣ ፋይዳ፣ ጉርድ ፎቶ። በሸገር ከተማ ያላችሁ የስም አጻጻፍን ለይታችሁ እዩ። ጫልቱ በቁቤ በ«ሲ» ትጀምራለች፣ በእንግሊዝኛው አጻጻፍ በ«ሲኤች»፤ ጥላሁን በቁቤ በ«ኤክስ»፣ በእንግሊዝኛው በ«ቲ»። መታወቂያው አንድ፣ ሰርተፍኬቱ ሌላ ከሆነ መዝጋቢው ሁለት ሰው ነው የሚያየው። ማስተካከያው ቀናት ስለሚወስድ ከምዝገባው ሁለት ሳምንት ቀድማችሁ ጀምሩ።

ፎርሙን በመጨረሻው ምሽት አትሙሉ፤ መብራት ወይም ኔትወርክ ሲጠፋ ቀነ ገደቡ አይጠብቅም። ላኩና የማረጋገጫ ገጹን ፎቶ አንሱት። ፈተናው ጠዋት 2:30 ከሆነ ከሰበታ የሚነሳ አየር ጤና ላይ፣ ከቡራዩ የሚነሳ አስኮ ላይ የሚጠብቀውን ሰልፍ አስቦ 11:30 ከቤት ይውጣ። ቢቻል ከተማ ውስጥ ዘመድ ቤት ይደር። ፎቶ ኮፒውንም በዋዜማው ያሠራ፤ ግቢው በር ላይ ያለው ማሽን ያን ቀን ሰልፉ ረጅም ነው።