ሠርታችሁ ነጥቡ ሳይገባ እንዳይቀር

በኢንተርኔት ነጥብና ሽልማት የሚሰጡ ገጾች ላይ ጨዋታውን አውርዳችሁ፣ እስከተባለው ደረጃ ተጫውታችሁ ነጥቡ ሳይገባ ሲቀር ያበሽቃል። ልፋት ነው፣ ዳታውም ገንዘብ ነው።

ብዙ ጊዜ ነገሩ የሚበላሸው አጀማመሩ ላይ ነው። ገጹ ላይ ያለውን የጨዋታውን ሊንክ ከመንካታችሁ በፊት ቪፒኤንና ማስታወቂያ ማገጃ አጥፉ፣ ኩኪ (ገጹ እናንተን ለማስታወስ ስልካችሁ ላይ የሚያስቀምጣት ትንሽ ፋይል) ፍቀዱ። ከዚያ ሳትዘገዩ፣ በዚያው ስልክና በዚያው ኢንተርኔት አውርዳችሁ ክፈቱት። ጣና ዳር ካፌ ቁጭ ብላችሁ በዋይፋይ ሊንኩን ነክታችሁ፣ በባጃጅ ቤት ገብታችሁ በዳታ አታውርዱ። ሊንኩ ውስጥ የእናንተ መለያ ቁጥር አለ። ከየት እንደመጣችሁ የሚታወቀው በሱ ነው፤ መሃል ላይ ከጠፋ ሥራችሁ ባለቤት አልባ ይሆናል።

ደግሞ ስክሪንሾት አንሱ። መጀመሪያ የሽልማቱን ገጽ ከነመመሪያው፣ ከላይ ሰዓቱ እንዲታይ አድርጋችሁ። ደረጃውን ስትጨርሱም እንደዚያው። እኔ የቀረብኝን ነጥብ ያስመለስኩት እነዚህን ፎቶዎች ልኬ ነው።

አፑ ድሮ ስልካችሁ ላይ ከነበረ ግን አትልፉ፤ አብዛኛውን ጊዜ የሚከፈለው ለአዲስ ተጠቃሚ ብቻ ነው። ገጹ ቅድሚያ ክፍያ ወይም የባንክ ፒን ከጠየቃችሁ ወዲያው ውጡ።