ፕሬዠር ኩከርን ሳይፈሩ ጥራጥሬ ማብሰል

ፕሬዠር ኩከሬን በስጦታ ካገኘሁ በኋላ ሁለት ዓመት ሙሉ ከካርቶኑ አላወጣሁትም። ልጅ ሳለሁ አንዲት ጎረቤታችን እንፋሎቱ ሳይወጣ ክዳኑን በኃይል ልታዞር ስትታገል ተፈናጥሮ ቦሎቄው ኮርኒሱ ላይ ተለጥፎ አይቻለሁ። እሷ በትንሽ ቃጠሎ ተረፈች፣ ድምፁ ግን ከጆሮዬ አልጠፋም።

ፍርሃቱን ያስለቀቀችኝ አብራኝ የምትሠራ ህንዳዊት ናት። ቤቷ ጋብዛኝ ሄድኩ። ምድጃው ላይ የጣደችው ድስት ሲያፏጭ ወሬዋን ሳታቋርጥ አንድ ጣቷን አጠፈች። ደግሞ ሲያፏጭ ሁለተኛውን። በሦስተኛው ተነስታ እሳቱን አጠፋች። «ሰዓት አላይም፣ ፊሽካ ነው የምቆጥረው» አለችኝ። ያን ዕለት ማታ ካርቶኑን ከፈትኩ።

መጀመሪያ የሚያስፈልገው ድስቱ ውስጥ ምን እንደሚካሄድ ማወቅ ነው። ውኃ በባሕር ወለል ከፍታ በ100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይፈላል፤ የቱንም ያህል እሳት ብትጨምሩበት ከዚያ በላይ አይሞቅም። ከፍታ ሲጨምር ደግሞ መፍያው ይወርዳል፤ 2,400 ሜትር ላይ ወደ 92 ዲግሪ ገደማ ነው። ደጋ የሚኖር ሰው ሽምብራ ግማሽ ቀን ቀቅሎ አልበስል የሚለው ለዚህ ነው። ክዳኑ አፍኖ ሲዘጋ ግን እንፋሎቱ ይጠራቀማል፣ ግፊቱ ያድጋል፣ ውኃውም እስከ 121 ዲግሪ ገደማ ይደርሳል። ይህን ድስት በ1679 የሠራው ፈረንሳዊው ዴኒስ ፓፒን ነው። ግፊቱ ከልክ ሲያልፍ የሚያስተነፍሰውን የደህንነት ቫልቭ ያበጀለትም እሱ ራሱ ነው። ያ ቫልቭ ዛሬም ክዳናችሁ ላይ አለ፤ የት እንዳለ ፈልጋችሁ በጣታችሁ ንኩት።

እኔ ሁልጊዜ ከመጣዴ በፊት ሁለት ነገር አያለሁ። ክዳኑን ወደ ብርሃን አንስቼ በእንፋሎት ማውጫው ቀዳዳ አሾልቃለሁ። ብርሃን ካልታየኝ የጥራጥሬ ልጣጭ ደፍኖታል ማለት ነውና በመርፌ አጸዳዋለሁ። ቀጥሎ የጎማ ቀለበቱን አውጥቼ አጣጥፌ አየዋለሁ። ከደረቀ፣ ከተሰነጠቀ ወይም ከላላ ይቀየራል፤ በተሰነጠቀ ጎማ አታብስሉ። ለመጀመሪያ ጊዜ የምትጠቀሙ ከሆነ ደግሞ ሁለት ኩባያ ውኃ ብቻ ጨምራችሁ ሞክሩት። ሲያፏጭ ስሙት፣ ሲበርድ ተመልከቱት፣ ክዳኑን ክፈቱት። ምንም ምግብ ሳይበላሽባችሁ ጆሯችሁ ይለምደዋል። ለእኔ ከማንኛውም መመሪያ ወረቀት የበለጠ የጠቀመኝ ይህ ባዶ ሙከራ ነው።

ለጥራጥሬ ድስቱ ከግማሽ በላይ አይሞላም፤ ውኃውም አብሮ ይቆጠራል። ለሌላ ምግብ እስከ ሁለት ሦስተኛው ይፈቀዳል፣ ጥራጥሬ ግን ያብጣል፣ አረፋም ያወጣል። አረፋው ወጥቶ ቀዳዳውን እንዳይደፍን አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት ጨምሩበት።

አሁን ወደ መዘፍዘፉ። ሽምብራም ሆነ ቦሎቄ ከ8 እስከ 12 ሰዓት ለሚደርስ ጊዜ መዘፍዘፍ አለበት። ለአንድ ሊትር ውኃ አንድ የሾርባ ማንኪያ ጨው አደርጋለሁ። «ጨው ጥራጥሬ ያደርቃል» ሲባል ሰምቼ ለዓመታት ስሸሸው ኖሬያለሁ፤ የሚሆነው ግን ተቃራኒው ነው። የጨዉ ሶዲየም የልጣጩን ካልሲየምና ማግኒዚየም ተክቶ ስለሚገባ ልጣጩ ይለሰልሳል። ጥራጥሬን እንዳይበስል የሚይዘው ኮምጣጣ ነገር ነው። ስለዚህ ቲማቲምና ሎሚ ከበሰለ በኋላ ይግቡ። ይህን ሁሉ አድርጋችሁም ካልለሰለሰ ጥራጥሬው ዓመታት ያሳለፈ አሮጌ ነውና ድስቱን አትውቀሱት።

ቀይ ቦሎቄ ላይ ልብ በሉ። በጥሬውና በግማሽ ብስሉ ሆድ የሚያሳምም፣ የሚያስመልስ መርዛማ ፕሮቲን አለው። የዘፈዘፋችሁበትን ውኃ ድፉት፣ በአዲስ ውኃ አብስሉት። ፕሬዠር ኩከር መርዙን በደንብ ያጠፋዋል። በዝግታ በሚያበስለው የኤሌክትሪክ ድስት ግን ጥሬውን ቦሎቄ በፍጹም አታብስሉ፤ ሙቀቱ መፍያ ነጥብ ላይ ላይደርስ ይችላል።

ሰዓቱ የሚቆጠረው ግፊቱ ከሞላ በኋላ ነው እንጂ ከተጣደበት ጊዜ ጀምሮ አይደለም። ግፊቱ ሲሞላ እሳቱን ቀንሱ። ከዚያ የተዘፈዘፈ ሽምብራ 15 ደቂቃ፣ የተዘፈዘፈ ቦሎቄ 10 ደቂቃ ገደማ ይበቃዋል። ሳትዘፈዝፉ ከጣዳችሁት ሽምብራው ወደ 40 ደቂቃ ይወስዳል፤ አንዱ ፈርሶ ሌላው ጥሬ ይሆናልና እኔ አልመክርም። በፊሽካ የሚቆጠረው እየቆየ የሚያፏጨው ዓይነት ድስት ብቻ ነው። የእናንተ ያለማቋረጥ የሚያሾክሾክ ወይም አመልካች ዘንግ ወደ ላይ የሚወጣለት ከሆነ በደቂቃ ቁጠሩ።

እሳቱን ካጠፋችሁ በኋላ ተዉት። ጎረቤታችንን ያቃጠላት የዚህች ሰዓት ችኮላ ነው። ከ10 እስከ 20 ደቂቃ ውስጥ በራሱ ይበርዳል። ለጥራጥሬ ይህ የማብሰያው ጊዜ አካል ነው፤ እንፋሎቱን በድንገት ብትለቁት ውስጡ ያለው ውኃ በኃይል ይንተከተክና ልጣጩ ይፈነዳል። ክዳኑ በቀላሉ አልዞር ካለ ግፊት አለ ማለት ነው። እጃችሁን አንሱ፣ ጥቂት ጠብቁ። ስትከፍቱም ክዳኑን ከፊታችሁ ወደ ወዲያ አዘንብሉት።

በዚህ ድስት ደጋግሜ ከምሠራቸው የመጀመሪያው ያቺ ህንዳዊት ያስተማረችኝ ዳል የሚባለው የምስር ወጥ ነው። አንድ ኩባያ የታጠበ ቀይ ክክ ምስር፣ ሦስት ኩባያ ውኃ፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ እርድ፣ ትንሽ ዘይት። ሦስት ፊሽካ፣ ከዚያ በራሱ ይብረድ። በጨው ታስተካክሉና በሹካ ትመቱታላችሁ። ነፍሱ ያለው ግን በመጨረሻው ሥራ ላይ ነው። በትንሽ መጥበሻ ዘይት ወይም የተነጠረ ቅቤ አግሉ፤ አንድ የሻይ ማንኪያ ያልተፈጨ ከሙን ጣል አድርጉ። ሲንጣጣ የተከተፈ ነጭ ሽንኩርትና አንድ ደረቅ ቃሪያ ጨምሩ። ነጭ ሽንኩርቱ ወርቅማ እንደሆነ፣ ሳይጠቁር፣ ከነዘይቱ ምስሩ ላይ ገልብጡት። ሲጮኽ ወዲያው ክደኑት፤ ሽታው ውስጥ ይቅር። ህንዶች ይህን ታድካ ይሉታል።

ሁሙስ በሚባለው የተፈጨ ሽምብራ ላይ የድስቱ ጥቅም ይበልጥ ይታያል፤ ለሁሙስ ሽምብራው ከመብሰል አልፎ መፈራረስ አለበት። 250 ግራም ሽምብራ ዘፍዝፋችሁ፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ ጨምራችሁ 20 ደቂቃ አብስሉት። አንዷን ፍሬ በሁለት ጣት ስትጫኗት ያለ ትግል መድቀቅ አለባት። ሁለት ፍልቃቂ ነጭ ሽንኩርት ደቁሳችሁ በአንድ ሎሚ ጭማቂ ውስጥ 10 ደቂቃ አቆዩት። ኮምጣጣው የነጭ ሽንኩርቱን መለብለብ ያበርደዋል። ሽምብራውን ሳይቀዘቅዝ ከዚህ ጭማቂ፣ ከ150 ግራም ጣሂኒ፣ ማለትም ከላመ የሰሊጥ ቅቤ፣ እና ከጨው ጋር ፍጩት። መፍጫው እየዞረ በረዶ የቀዘቀዘ ውኃ በማንኪያ ማንኪያ ጨምሩበት፤ ነጣ ብሎ እንደ ክሬም ይሆናል። የቀቀላችሁበትን ውኃ ጥቂት አስቀሩ፤ በማግስቱ ሲጠጥር ያላላላችኋል።

ብራዚላውያን በየቀኑ ማለት ይቻላል ከሩዝ ጋር የሚበሉትን ቦሎቄም እወደዋለሁ። ጥቁር ቦሎቄ ከሁለት ቅጠል ቤይ ሊፍ ጋር ይበስላል። ለብቻው ቀይና ነጭ ሽንኩርት በዘይት ታቁላላላችሁ፣ ከቦሎቄው አንድ ጭልፋ ቀድታችሁ እዚያው ቁሌቱ ላይ ትደፈጥጡታላችሁ፣ ከዚያ ወደ ድስቱ መልሳችሁ ሳትከድኑ 10 ደቂቃ ታንተከትኩታላችሁ። መረቁን የሚያወፍረው የተደፈጠጠው ነው፤ ዱቄት አያስፈልገውም።

ካበቃችሁ በኋላ ጎማውን አውልቃችሁ ለብቻው እጠቡ፣ የማውጫውን ቀዳዳ በውኃ አሳልፉት። ክዳኑን ገልብጣችሁ ድስቱ ላይ አስቀምጡት እንጂ ቆልፋችሁ አታኑሩት፤ ተዘግቶ የከረመ ድስት ሽታ ይይዛል፣ ጎማውም ተጨፍልቆ ቅርጹን ያጣል። የእኔ ካርቶን ከተጣለ ቆይቷል፤ ድስቱ አሁን ምድጃው አጠገብ ነው የሚውለው።