ከጓዳ በሚገኝ ቀለም ልጅን በስዕል ማስተማር፣ ፊደሉም ሒሳቡም አብሮ

ባለፈው እንቁጣጣሽ ጠዋት በር ተንኳኳና ስከፍት አንድ የሰፈር ልጅ "እንኳን አደረስዎት" ብሎ ስዕል ሰጠኝ፣ አየሁት፣ ፎቶ ኮፒ ነው። መልአኩም አበባውም ከሱቅ የተገዛ፣ ልጁ ያደረገው ነገር ቢኖር ጥግ ላይ ስሙን መጻፍ ብቻ። ብሩንማ ሰጠሁት፣ ግን ሁለተኛ ክፍል ስለማስተምር ነገሩ ከነከነኝ። እኛ ልጆች ሆነን ሴቶቹ ዘፈን ስንለማመድ ወንዶቹ ነሐሴን ሙሉ ደብተር እየቀደዱ ፀሐይና አደይ አበባ ሲስሉ ነበር የሚከርሙት። አሁን ወላጅ ስትጠይቁ መልሱ አንድ ነው፣ ቀለም ተወደደ። እሺ ተወዷል፣ ስለዚህ ሳንገዛ እንዴት እንደምንሰራ ልንገራችሁ።

ወረቀት ያለፈው ዓመት ካላንደር ጀርባ ነው፣ ወፍራምና ነጭ፣ ከሱ የተሻለ የለም። ካላንደር ከሌለ የፓስታ ካርቶን ገልብጣችሁ ተጠቀሙ። ብሩሽ ደሞ መፋቂያ ነው፣ ጫፉን አኝኮ ማለስለስ ነው ያለው፣ ልጆቹ ማኘኩን ራሱ ይወዱታል።

ለቀለሙ መጀመሪያ ማጣበቂያ አብስሉ። ግማሽ ብርጭቆ የስንዴ ዱቄት በቀዝቃዛ ውሃ በጥብጣችሁ እሳት ላይ ያለ ሁለት ብርጭቆ ውሃ ውስጥ ጨምሩና እንደ አጥሚት እስኪወፍር አማስሉት፣ ትንሽ ጨው ጣል አድርጉበት ቶሎ እንዳይበላሽ። ይሄ ሙጫም ነው፣ የቀለም ማያዣም ነው። ከሰል ወቅጣችሁ በውሃ ብቻ ብትቀቡት ሲደርቅ እየረገፈ ዩኒፎርም ላይ ነው የሚቀረው፣ ከዚህ ሙጫ ጋር ከሆነ ግን ወረቀቱን ይይዛል። ለጥቁር ከሰል፣ ለቢጫ እርድ፣ ለቡኒ የተነፋ ቀይ አፈር ወይ ከጀበና ስር የቀረው ቡና፣ ለሮዝ ተፈግፍጎ የተጨመቀ ቀይ ስር። ሰማያዊ ጓዳ ውስጥ አይገኝም፣ እኔ ሰማያዊ ጠመኔ ፈጭቼ ነው የምጠቀመው፣ እሱን ከእርዱ ጋር ቀላቅሉ ስትሏቸው አረንጓዴ ሲወጣ ክፍሉ ውስጥ የሚሰማውን ጩኸት አትጠይቁኝ።

እርድ ካነሳን አይቀር አንድ ነገር ልጨምር፣ የአካባቢ ሳይንስ ክፍለ ጊዜ ላይ አሪፍ ነው። ወረቀቱን በሙሉ በእርድ ውሃ ቀቡና አድርቁት። ከዛ ልጁ የልብስ ሳሙና በሟሟበት ውሃ መፋቂያውን እየነከረ ስሙን ይጻፍበት። ጽሑፉ ቀይ ሆኖ ይወጣል! ሎሚ ጠብ ሲያረጉበት ተመልሶ ቢጫ። ሳሙና አንድ አይነት ጠባይ አለው፣ ሎሚ ደሞ ተቃራኒውን፣ እርዱ እንደ ነገር አሳባቂ ሁለቱን ለይቶ ይናገራል፣ ለሁለተኛ ክፍል እንደዚህ ብላችሁ ብታስረዱ በቂ ነው። የአመድ ውሃም ሞክሩ፣ ከሳሙናው ጋር ነው ከሎሚው ጋር ብላችሁ ቀድማችሁ አስገምቷቸው።

አሁን ወደ ስዕሉ። ባካችሁ አትሳሉላቸው። ሰሌዳ ላይ ጎጆ ስላችሁ "ይሄን አስመስሉ" ካላችሁ 60 ተማሪ 60 አንድ አይነት ጎጆ ነው የሚያመጣላችሁ፣ ከፎቶ ኮፒው በምን ይለያል? የስድስት የሰባት ዓመት ልጅ ሰማይን ከላይ እንደ መቀነት ሰማያዊ መስመር አርጎ መሬትን ከታች ያሰምርና መሀሉን ባዶ ይተወዋል፣ የቤቱን ግድግዳ አልፎ እናቱ ውስጥ ቡና ስታፈላ ያሳያችኋል። ይሄ ስህተት አይደለም፣ በዛ እድሜ ያሉ ልጆች የሚያውቁትን ነው እንጂ የሚያዩትን አይስሉም። ላጲስ አታቀብሉት። "ምንድነው ይሄ?" ብላችሁም አትጠይቁ፣ ልጁ "አልታወቀም ማለት ነው" ብሎ ይሸማቀቃል፣ ይልቅ "እስቲ ስለሱ ንገረኝ" በሉት። የነገራችሁን ሳታሳምሩ እሱ ባለው አፍ ከስዕሉ ስር ጻፉለት። አንድ ተማሪዬ "አያቴ ዶሮዋን እያባረረች ነው፣ ዶሮዋ ግን ትስቃለች" አለኝ፣ ጻፍኩለት፣ ማንበብ የማይችለው ልጅ ያቺን አረፍተ ነገር ለሳምንት ሰው በተገኘ ቁጥር በጣቱ እየተከተለ ሲያነብ ነበር። የራሱ ቃል ስለሆነ ነው።

ፊደል ላይም እጅ ነው የሚሰራው። 33ቱን በሰባት ሰባት፣ 231 ፊደል ዝም ብሎ በዜማ ማስጮህ ዜማውን ነው የሚያስይዘው፣ ልጁ መሀል ላይ ስታስቆሙት የቱ ጋ እንዳለ አያውቅም። ጭቃ ወይ የተቦካ ዱቄት ስጡትና "በ"ን ይስራ። በጎኑ በቀኝ በኩል እጅ ሲያወጣ ቡ፣ ቀኝ እግሩ ጫማ ሲያረግ ቢ፣ ጫማው ቀለበት ሲሆን ቤ። ባ እና ቦ ናቸው የሚያደናግሩት፣ ባ ግራ እግሩ አጠረ፣ ቦ ቀኝ እግሩ አጠረ፣ ይሄን ጭቃውን ራሱ ቆርጦ ካሳጠረው አይረሳውም። ብ ብቻ በግራ በኩል ትንሽ ነገር ትወጣባታለች። ሰ፣ ሸ፣ ከ በዚሁ ይሄዳሉ፣ ረ እና ፈ ግን አመለኞች ናቸው፣ እነሱን ወደ መጨረሻ አቆዩአቸው።

ሒሳቡን አላበዛውም። አምባሻ ነው በሏቸውና ክብ ወረቀት ሶስት ጊዜ እኩል ለሁለት ያጥፉ፣ ሲዘረጉት ስምንት ቁራሽ፣ ሶስቱን ቀለም ቀቡ በሏቸው፣ ሶስት ስምንተኛ ማለት ያ ነው። የቀሚስ ጥለት ደሞ ቀይ፣ ቢጫ፣ አረንጓዴ እያሉ ይቀቡና አስረኛው ምን ይሆናል በሏቸው፣ ቀይ ነው፣ ለምን እንደሆነ እነሱ ያስረዷችሁ፣ ማባዛት እዛ ውስጥ ተደብቃለች።

ተማሪ ብዙ ከሆነ ለሁሉም ቀለም ለማደል አትሞክሩ፣ እኔ ሞክሬ ክፍለ ጊዜው በእደላ አልቋል። አንድ ዴስክ አንድ ቀለም፣ ሌላ የፈለገ ሄዶ ለምኖ ይቅዳ፣ ወሬው ይበዛል ግን ይሰራል። እቃ መያዣው የውሃ ፕላስቲክ ክዳን ይበቃል፣ ብዙ አትቅዱ ይደፋል።

ሲያልቅ ገመድ ወጥራችሁ በልብስ መቆንጠጫ ስቀሉት፣ በልጁ ቁመት ልክ፣ መስኮት አጠገብ ግን አይሁን፣ እርድና ቀይ ስር ፀሐይ ሲመታቸው ቶሎ ይደበዝዛሉ። ዩኒፎርሙ ላይ እርድ ከፈሰሰ ግን ይሄው ነገር ይጠቅማችኋል፣ በሳሙና ስታሹት ቢቀላ አትደንግጡ፣ በደንብ አለቅልቃችሁ ቀጥታ ፀሐይ ላይ አስጡት።