ከዳቦ የተረፈው መልስ የት ይግባ? ዝርዝር ብርን በቤተሰብ የማጠራቀም ዘዴ

ማታ ላይ የቤቱን ሰው ኪስ ሁሉ ብትፈትሹ ገንዘብ አታጡም። ዘንቢል ሥር የተጨማደደ 5 ብር፣ የአባት ሸሚዝ ኪስ ውስጥ ሁለት የ1 ብር ሳንቲም፣ የልጅ ደብተር መሃል ከዳቦ የተረፈ 10 ብር። ለየብቻው ምንም አይገዛም። ስለዚህ ማንም አይቆጥረውም። ወይ በማግስቱ ማስቲካ ይሆናል፣ ወይ ከልብስ ጋር ይታጠባል።

አንድ ላይ ሲሰበሰብ ግን ልጆችን ጁስ ቤት ይወስዳል፣ የመስከረም ደብተር ይገዛል፣ ለአረፋ በግ ወይም ለእንቁጣጣሽ ዶሮ ያግዛል። የደመወዝ ጭማሪ አያስፈልገውም። የሚያስፈልገው ሥርዓት ነው። ሥርዓቱን ደግሞ ከእቁብ ሁላችንም እናውቀዋለን፦ ዳኛ አለ፣ ጸሐፊ አለ፣ ቀን አለ፣ ሕግ አለ። ቤት ውስጥም እነዚህ ካሉ ሳጥኑ ይሞላል። በተለይ ሕጉ ከጎደለ፣ ብዙም ሳይቆይ ባዶ ታገኙታላችሁ።

1. ቡና ላይ ተነጋገሩ

ጅማ ውስጥ ለቤተሰብ ስብሰባ ሌላ ሰዓት መፈለግ አያስፈልግም። ሁሉም ቤት በሚውልበት ቀን፣ ከአቦል እስከ በረካ ባለው ጊዜ ጉዳዩ ያልቃል። ልጆች የግድ ይገኙ። ወላጅ ወስኖ የሚነግራቸው ዕቅድ የወላጅ ዕቅድ ነው። ራሳቸው የመረጡት ከሆነ ግን ሱቅ ደርሰው ከረሜላውን እያዩ መልሱን ይዘው ይመለሳሉ።

ሁለት ግብ ምረጡ፤ አንዱ ቅርብ፣ አንዱ ሩቅ። ቅርቡ በወር ወይም በሁለት ወር የሚደርስ ደስታ ነው። ቅዳሜ ከሰዓት የአቮካዶ ጁስ፣ ቁራጭ ኬክ፣ ቦዬ ወርዶ ጉማሬ መጠበቅ፣ ጅሬን ወጥቶ የአባ ጅፋርን ቤተ መንግሥት ማየት። ጅሬን ከመሃል ከተማ 7 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የትራንስፖርት፣ የመግቢያና የመክሰስ ከተገኘ በቂ ነው። ጅማ ያደገ ልጅ ያን የእንጨት ሰገነት በፎቶ ብቻ ባያውቀው እመኛለሁ፤ ስለዚህ እኔ ብጠየቅ የመጀመሪያው ቅርብ ግብ እሱ ይሁን እላለሁ።

ሩቁ ግብ ቤቱ በእርግጥ የሚፈልገው ነገር ነው። የትምህርት ቤት ቦርሳና ጫማ፣ ብርድ ልብስ፣ የበዓል ወጪ። ለበዓል ከሆነ ቀኑን በጥንቃቄ አስሉ። እንቁጣጣሽ ከመስከረም 1 አይነቃነቅም። አረፋ ግን በጨረቃ ስለሚቆጠር በየዓመቱ 11 ቀን ገደማ ቀደም እያለ ይመጣል። የዘንድሮውን ቀን ይዛችሁ ለከርሞ ካሰላችሁ፣ ሳጥኑ ሳይሞላ በዓሉ ይደርሳል።

ከዚያ ሒሳቡን ከልጆች ጋር ሥሩት። የቤቱ ሰው ሁሉ ተደምሮ በቀን 10 ብር ቢያስገባ በወር 300 ብር ነው። በ12 ወር 3,600፣ አምስቷ የጳጉሜን ቀን ስትጨመር 3,650 ብር። በቀን 5 ብር ከሆነ ደግሞ 1,825። የፈለጋችሁትን ዕቃ ዋጋ ሱቅ ሄዳችሁ ጠይቁና በወር ከምታስገቡት ጋር አስተያዩት። ከአንድ ዓመት በላይ የሚወስድ ከሆነ ግቡን አሳንሱት። ልጅ ያን ያህል ርቀት አይጠብቅም፤ ብዙ ትልልቅ ሰዎችም አይጠብቁም።

2. ሳጥኑን አዘጋጁ

ጅማ በእንጨት ሥራዋ የታወቀች ከተማ ናት። በርጩማ የሚሠራ አናጺ ከተራፊ ጣውላ ከላይ ቀዳዳ ያላት፣ ቁልፍ የምትቀበል ትንሽ ሳጥን ይሠራላችኋል። ቆንጆ ነገር ነው፣ ለዓመታትም ይቆያል። ለመጀመሪያ ጊዜ ከሆነ ግን እኔ የምመክረው ውስጡ የሚታይ የፕላስቲክ ዕቃ ነው። ትልቅ ሃይላንድ ከጎኑ በቢላ ተበስቶ ይበቃል። ትንንሽ ልጆች ቁጥር ገና አይገባቸውም። ከፍታው ሲጨምር ግን በደንብ ያያሉ። በእስክሪብቶ መስመር አስምሩበትና “እዚህ ሲደርስ ጅሬን እንሄዳለን” በሏቸው።

ቦታውም ይታሰብበት። የኛ ክረምት ረጅም ነው፣ ግድግዳውም ይረጥባል። የወረቀት ብር እርጥበት ካገኘው ይሻግታል፤ ኖቶቹን በፌስታል ጠቅልሉ። የእንጨት ሳጥን ከሆነ መሬት ላይ አታስቀምጡት፣ ምስጥ አለ። መስኮት አጠገብም አይሁን።

3. ምን እንደሚገባ ወስኑ

ሕጉ አንድ ብቻ ይሁን፤ በአንድ ዓረፍተ ነገር የሚነገር። “ማታ ኪስ ውስጥ የተገኘ ሳንቲምና 5 ብር ሁሉ ይገባል” ጥሩ ሕግ ነው። “ከሱቅ የመጣ መልስ ሁሉ ይገባል” የሚለው ግን ለብዙ ቤት ይከብዳል። የዛሬ መልስ የነገ ዳቦ በሆነበት ቤት እንዲህ ያለ ሕግ ማውጣት እናትን ማስጨነቅ ነው። እንደዚያ ከሆነ ሳንቲም ብቻ ይግባ። ያንሳል፣ ግን አይቋረጥም። ዝርዝር ያልተገኘበት ቀንም ይለፍ፤ ማንም ማንንም አይውቀስ።

ከሕጉ ሌላ በፈቃድ የሚጨመር ይኖራል። ሐሙስ ሂርማታ ገበያ ወጥታችሁ ተከራክራችሁ ያስቀነሳችሁት 10 ብር ቤት ሲደርስ ሳጥን ይግባ፤ አለዚያ በመንገድ ይቀልጣል። በባጃጅ የሚኬደውን መንገድ በእግር ከመጣችሁም የባጃጁን ሒሳብ ጨምሩ። ዓቢይ ጾም የሚጾም ቤት በ55ቱ ቀን ሥጋና ቅቤ አይገዛም፤ ከዚያ ላይ ትንሽ ማስቀመጥ ፋሲካ ሲደርስ ይታወቃል።

ገቢው ከቡና የሆነ ቤት ደግሞ ዓመቱን ሙሉ እኩል አስገባለሁ ብሎ ራሱን አያታልል። ለቀማው ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ነው፤ እጅ ላይ ብር የሚኖረውም ያኔና ከዚያ ቀጥሎ ነው። በዚያ ወቅት ኖቱንም ጨምሩ፣ በክረምት ሳንቲሙ ብቻ ይግባ።

ልጆች በዒድ ከዘመድ የሚሰጣቸውን ወይም በአበባየሆሽና በሆያ ሆዬ የሚያገኙትን ገንዘብ በግድ አታስገቡ። የእነሱ ነው። ከፈለጉ ራሳቸው ይጨምሩ።

አሁን ክፍያው ሁሉ በስልክ እየሆነ ዝርዝር እየጠፋ መሆኑም መታሰብ አለበት። በቴሌብር 93 ብር ከከፈላችሁ እስከ 100 የጎደለውን 7 ብር በዚያው ሰዓት ወደ ቁጠባው አዛውሩት። ወደ ሌላ የባንክ ሒሳብ ሊሆን ይችላል፣ ወይም እዚያው ቴሌብር ላይ ሳንዱቅ የሚባለው የቁጠባ አገልግሎት አለ። ማታ ላይ ለልጆቹ ንገሯቸውና ደብተሩ ላይ ይጻፍ።

4. ጸሐፊ ሹሙ

ጸሐፊው መጻፍ የሚችል ልጅ ይሁን። በአማርኛም በአፋን ኦሮሞም ቢጽፍ ልዩነት የለውም። ደብተሩ አራት ነገር ይያዝ፦ ቀን፣ ያስገባው ሰው፣ መጠን፣ ጠቅላላ ድምር። ብዙ ልጆች ካሉ በየወሩ ተራ ይቀያየሩ። የመደመር ልምምድ በነፃ ነው።

5. ከሳጥኑ ማን ይበደራል?

የቤተሰብ ሳጥን የሚሞተው እዚህ ላይ ነው። ሌባ አይደለም የሚገድለው። ትልልቆቹ ናቸው። ጠዋት የባጃጅ ዝርዝር ይጠፋል፤ “20 ብር ልውሰድ፣ ማታ እመልሳለሁ”። በርበሬ ይጎድላል፤ “ትንሽ ልውሰድ”። ማታ ሰው ይደክመዋል፣ ይረሳል። ልጁ ግን አይረሳም። መስመሩ ዝቅ ማለቱን አይቷል። ከዚያ በኋላ የዳቦውን መልስ ለምን ይዞ ይመጣል?

ስለዚህ በመጀመሪያው የቡና ስብሰባ ይህ ይወሰን። ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው እስከ ቀኑ ጭራሽ አለመንካት ነው። ይህን የሚችል ቤት ይምረጠው። ብዙዎቻችን ግን ኑሯችን ያን ያህል የተደላደለ አይደለም፤ ድንገት መድኃኒት መግዛት ይመጣል። ለእንደዚህ ያለው ቤት ብድርን መፍቀድና በሥርዓት ማድረግ ይሻላል። የሚበደረው ሰው አባትም ቢሆን ጸሐፊውን ይጠይቃል። ስሙ፣ መጠኑና የሚመልስበት ቀን ይጻፋል። ቀኑ ሲደርስ ልጁ “አባዬ፣ የሳጥኑ 50 ብር” ሲል መቆጣት የለም። መክፈል ነው፤ ካልተቻለ ደግሞ ፊት ለፊት ቀን ማራዘም።

ቁልፉን የያዘው ሰውና ደብተሩን የያዘው ሰው ይለያዩ። በእቁብም ገንዘብ ያዡና ጸሐፊው አንድ ሰው ሲሆኑ ደስ አይልም። አያት ያሉበት ቤት ቁልፉ እሳቸው ዘንድ ቢሆን ጥሩ ነው። የልጅ ልጆቻቸውን አደራ ጠባቂ አድርጋችሁ ስትሾሟቸው ማንም ደፍሮ አይጠይቃቸውም።

6. ዝርዝሩን ወደ ድፍን ቀይሩ

በየወሩ አንድ ቀን ሳጥኑ ይቆጠር። ሳንቲሙን በአሥር በአሥር ደርድሩ፤ ይህን ለትንንሾቹ ተዉላቸው። ከዚያ ዝርዝሩን ይዞ ሰፈር ሱቅ መሄድ ነው። ባለሱቆች ቀኑን ሙሉ “ዝርዝር የለም” እያሉ፣ መልስ በከረሜላ እየሰጡ ነው የሚውሉት። ልጁ “ጋሼ፣ ዝርዝር ይፈልጋሉ?” ብሎ ሲገባ ደስ ብሏቸው 100 ብር ይሰጡታል። የባጃጅ ሾፌሮችም ጠዋት ሥራ ሲጀምሩ እንደዚሁ ይፈልጉታል። እዚያው ፊት ለፊት ተቆጥሮ ይሰጥ፣ ተቆጥሮ ይቀበል።

የዝርዝር ችግር ለጅማ ገበያ አዲስ አይደለም። ሂርማታ በማርትሬዛ ብር ይገበያይ በነበረበት ዘመንም አንዱ ብር ለትንሽ ዕቃ ስለሚበዛ አሞሌ ጨው በዝርዝር ቦታ ይሰጥ ነበር። ለልጆች ሲቆጥሩ የሚነገር ጥሩ ወሬ ነው።

ድፍኑ ብር ሳጥን ውስጥ አይከርም። ትንሽ ጠርቀም ሲል ባንክ ይግባ። በመስከረም 2013 የ10፣ የ50 እና የ100 ብር ኖቶች ተቀይረው አዲስ 200 ብር ሲወጣ፣ አሮጌውን ለመቀየር የተሰጠው ጊዜ 3 ወር ነበር። ፍራሽ ሥርና ጣሪያ ላይ የተረሳ ብር እንዲህ ባለው ጊዜ ወረቀት ሆኖ ይቀራል። ባንኮች ወላጅ በልጅ ስም የሚከፍተው የቁጠባ ሒሳብ አላቸው። ወለድ የማይፈልግ ቤተሰብ ከወለድ ነፃ የሆነውን ይጠይቅ፤ ዘምዘምና ሂጅራ ሙሉ በሙሉ በዚህ መንገድ የሚሠሩ ባንኮች ናቸው፣ ሌሎች ብዙ ባንኮችም ለዚህ የተለየ መስኮት አላቸው።

ባንክ ቢገባም የኑሮ ውድነቱ ብሩን መብላቱ አይቀርም። ለዚህ ያለኝ ምክር፣ የሩቁ ግብ ተከፋፍሎ የሚገዛ ከሆነ ገንዘቡ በደረሰ ቁጥር ግዙ የሚል ነው። ደርዘን ደብተር በግንቦት፣ ቦርሳው በሐምሌ። ጳጉሜን ላይ ሁሉም ወላጅ ሱቅ ሲጋፋ እናንተ የቀራችሁ እስክሪብቶ ብቻ ይሆናል። ለበግ ይህ አይሠራም፤ ለእሱ መጠበቅ ነው።

7. የመክፈቻው ቀን

በወር ከተቆጠረው ላይ አንድ ሦስተኛው ለቅርቡ ደስታ፣ የቀረው ለሩቁ ግብ ቢሆን ደህና ክፍፍል ነው። 300 ብር ከተገኘ 100 እና 200 ማለት ነው። የቅርቡን ደስታ አትሰርዙት። “ይቆይ፣ ለደብተሩ ይሁን” ማለት ለወላጅ ቁም ነገር ይመስላል። ነገር ግን ልጁ ሁለት ወር ቆጥቦ ጁሱን ካልጠጣ፣ ደብተር የሚባለው ነገር ሰፊ ጉድጓድ ነው የሚሆንበት። የሚመርጠውንም በተራ አድርጉት፤ ዕጣ ይውጣ። ዕጣ የደረሰው ልጅ ኬክ ካለ ኬክ ነው፣ ታላቁ ጁስ ቢያምረውም።

የሩቁ ግብ ቀን ደርሶ ገንዘቡ ቢጎድል፣ ደብተሩን ዘርግታችሁ የጎደለውን ለሁሉም አሳዩ። ያልተመለሰ ብድር ካለ መጀመሪያ እሱ ይጠየቃል። ከዚያ በኋላ ወላጅ ጎደሎውን ሊሞላ ይችላል፣ ወይም ርካሹን ዕቃ መርጦ ዛሬውኑ መግዛት፣ ወይም አንድ ወር መጨመር። የትኛው እንደሚሻል ልጆቹ ድምፅ ይስጡ። በግ ያልደረሰለት ቤት ከጎረቤት ጋር ተጋርቶ ሥጋ መግዛት ይችላል፤ ቅርጫ ለምን አለ? የተረፈ ሳንቲም ካለ ወደ ሳጥኑ ይመለስ፣ የሚቀጥለው ግብና ቀንም ያኔውኑ ደብተሩ ላይ ይጻፍ።