ቤት ስታሳድሱ ገንዘቡ የሚያልቀው የት ነው?

ሥራዬ የእድሳት ዋጋ ማውጣት ነው። የሚደውልልኝ ሰው ሁሉ የመጀመሪያ ጥያቄው አንድ ነው፤ «መታጠቢያ ቤት ለማሳደስ ስንት ይፈጃል?» እኔም መልሼ እጠይቃለሁ፤ «ከቦታው የሚነሣ ነገር አለ?» ብዙዎቹ ግራ ይገባቸዋል። እነሱ ስለ ሴራሚክ ቀለም ሊያወሩ ነበር የተዘጋጁት።

እውነቱን ለመናገር ሴራሚክ ብዙም አያሳስበኝም። ውድ ከሆነ ውድነቱን ገና ሱቅ ውስጥ ታዩታላችሁ። ካልተስማማችሁ ሌላ ትመርጣላችሁ፣ በቃ። በጀት የሚያናጋው ሱቅ ውስጥ የማይታየው ነው፤ ግድግዳ ውስጥና ወለል ሥር ያለው።

አንድ ምሳሌ ልስጣችሁ። የሽንት ቤት መቀመጫውን ከዚህ ግድግዳ ወደዚያኛው ማዞር ወረቀት ላይ አንድ መስመር ነው። ከሥሩ ያለውን ግን እንየው። የመቀመጫው የፍሳሽ ቧንቧ ብዙ ጊዜ 110 ሚሊ ሜትር ነው። ቆሻሻው ሳይቆም እንዲወርድ ደግሞ በየሜትሩ 2 ሴንቲ ሜትር ያህል እያዘቀዘቀ መሄድ አለበት። መቀመጫውን 3 ሜትር ብታርቁት ቧንቧው 6 ሴንቲ ሜትር ይወርዳል። 11 እና 6 ሲደመር 17 ሴንቲ ሜትር። ይሄ ገና ሊሾና ሴራሚክ ሳይጨመርበት ነው።

ቤቱ ምድር ላይ ከሆነ ወለሉ ይቆፈራል፤ አቧራውን ትችላላችሁ። ፎቅ ላይ ከሆነ ግን ሶሌታው፣ የቆማችሁበት የአርማታ ወለል፣ ራሱ ከዚያ ብዙም አይወፍርም። ስለዚህ ያላችሁ ምርጫ አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ነው። ወይ ወለሉን ከፍ አድርጋችሁ በደረጃ ትገባላችሁ፣ ወይ ቧንቧው ከሥራችሁ ባለው ጎረቤት ኮርኒስ ውስጥ ያልፋል። እንግዲህ ጎረቤቱን እሺ በሉኝ ብላችሁ ለምኑ። መቀመጫው እዚያው ቢቀርና የእጅ መታጠቢያው ብቻ ቢዞር ግን ነገሩ ቀላል ነው። ቧንቧው ቀጭን ስለሆነ ግድግዳ ውስጥ ይገባል።

ለዚህ ነው መጀመሪያ ሁለት ዝርዝር እንዲጽፉ የማደርገው። አንዱ ባለበት የሚታደስ፣ ሌላው ቦታ የሚቀይር። ሁለተኛው ዝርዝር ላይ ያለ እያንዳንዱ ነገር የቧንቧ ሠራተኛ፣ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ወይም ግንበኛ ይጠራል። እነሱ መጥተው ከሄዱ በኋላ ለሳኝና ቀለም ቀቢ ይከተላል። ዝርዝሩን ባሳጠራችሁ ቁጥር በተረፈው የፈለጋችሁትን ሴራሚክ ትገዛላችሁ።

ግድግዳ ማፍረስም ያው ነው። በአርማታ ኮለንና ቢም (ምሰሶና አግዳሚ ተሸካሚ) በቆመ ቤት ውስጥ የብሎኬት ግድግዳ አብዛኛውን ጊዜ ክፍል መከፋፈያ ነው። በድንጋይ ወይም በጡብ በተሠራ አሮጌ ቤት ግን ጣሪያውን የተሸከመው ግድግዳው ራሱ ሊሆን ይችላል። በመዶሻ መትቶ «ይሄ ባዶ ነው» የሚላችሁን ሰው አትመኑ። የመዋቅር መሐንዲስ አንድ ጊዜ መጥቶ ቢያይላችሁ የምትከፍሉት ክፍያ ከጠቅላላው ወጪ አንጻር ኢምንት ነው። ፈቃድ የሚያስፈልግ ከሆነም ከማፍረሳችሁ በፊት ጠይቁ።

አሁን ወደ ኩሽና። እዚህ ላይ የምወደው መሣሪያ ወረቀት ፕላስተር ነው። ቀለም ቀቢዎች ጠርዝ የሚሸፍኑበት ማለቴ ነው። ካቢኔት ከማዘዛችሁ በፊት የአዲሱን ኩሽና ቅርጽ ወለሉ ላይ በልኩ ለጥፉት። የታችኛው ካቢኔት ወደ ፊት 60 ሴንቲ ሜትር ይወጣል። ከፊቱ ለመተላለፊያ ቢያንስ 1 ሜትር ተዉ። ሁለት ሰው አብሮ የሚሠራበት ከሆነ 1.20 ይሻላል። ከዚያ የፍሪጁን በርና የምድጃውን በር ስፋት እዚያው ላይ ሣሉ። ሁለቱ አንድ ላይ ሲከፈቱ ይጋጫሉ? ፍሪጁ ሲከፈት በሩ መንገድ ይዘጋል? ድስት ይዛችሁ ከምድጃው ወደ ውሃው ሂዱ። ይሄ ምንም አያስወጣም። ካቢኔቱ ከተሰቀለ በኋላ ግን ያስወጣል።

የመሥሪያው ከፍታ ብዙ ጊዜ 90 ሴንቲ ሜትር ነው። ግን ኩሽናው ውስጥ የሚቆመው ማነው? ክንዳችሁን አጥፋችሁ ከወለሉ እስከ ክርናችሁ ለኩ፤ ከዚያ ላይ ከ10 እስከ 15 ሴንቲ ሜትር ቀንሱ። የእናንተ ልክ እሱ ነው። አጭር ሰው 90 ላይ ሲከትፍ ትከሻው ይሰቀላል፤ ረጅም ሰው ደግሞ ወገቡን ያመዋል።

ሶኬትም የሚወሰነው ያን ጊዜ ነው፤ ፕላስተሩ ገና ወለሉ ላይ እያለ። ግድግዳው ከተለሰነና ከተቀባ በኋላ የሚጨመር ሶኬት መቦርቦር፣ መለሰንና እንደገና መቀባት ይጠይቃል። የኔ ምክር ያሰባችሁት ላይ ሁለት ሦስት ጨምሩ ነው። ግድግዳው ከመዘጋቱ በፊት ቧንቧውንና ሽቦውን ሜትር አስደግፋችሁ ፎቶ አንሡ። አንድ ቀን መደርደሪያ ለመስቀል ስትበሱ ታመሰግኑኛላችሁ።

የሴራሚክ ሒሳብ ብዙ ሰው ያስፈራዋል፤ ግን ቀላል ነው። 2 ሜትር በ2.50 የሆነ መታጠቢያ ቤት እንውሰድ። ዙሪያው 9 ሜትር ነው። ቁመቱ 2.40 ከሆነ የግድግዳው ስፋት 21.6 ካሬ ይመጣል። በሩን፣ 0.80 በ2.10፣ ስንቀንስ 20 ካሬ አካባቢ ይቀራል። ለሚቆረጥና ለሚሰበር 10 በመቶ ጨምሩ፤ 22 ካሬ። 30 በ60 ሴንቲ ሜትር የሆነ ሴራሚክ 8 ፍሬ በካርቶን ቢመጣ አንዱ ካርቶን 1.44 ካሬ ይሸፍናል። ስለዚህ 16 ካርቶን ትገዛላችሁ። በሰያፍ የሚነጠፍ ከሆነ 10 በመቶው ወደ 15 ከፍ ይበል። ወለሉን ለብቻው እንደዚሁ አስሉ።

ስትገዙ ካርቶኖቹ ላይ ያለውን የምርት ዙር ቁጥር አስተያዩ። ዙሩ ከተለያየ ቀለሙ በትንሹ ይለያል። ሱቅ ውስጥ አይታያችሁም፤ ግድግዳ ላይ ጎን ለጎን ሲሆን ግን ዓይን ይወጋል። አነስ አድርጋችሁ ገዝታችሁ «ካነሰ እጨምራለሁ» የምትሉ ሰዎች፣ ያው ዙር ላይገኝ ይችላል።

ትልልቅ ሴራሚክ ያምራል፤ አልክድም። 60 በ120 የሆነውን ለማንጠፍ ግን ወለሉ ቀጥ ያለ መሆን አለበት። ጎበጥ ያለ ቦታ ላይ ጠርዙ ብቅ ይላል፣ እግር ያደናቅፋል። ስለዚህ መጀመሪያ ወለሉን ማስተካከል ይመጣል፤ የእጅ ዋጋውም ይጨምራል። ለሻወር ወለል ደግሞ ትንንሹ ይሻላል። ወደ ፍሳሹ በየሜትሩ 2 ሴንቲ ሜትር ሲያዘቀዝቅ ትንንሹ ይታጠፋል፤ ትልቁ መቆረጥ አለበት። ወለል ላይ የሚያብለጨልጭ አትግዙ። እርጥብ ሲሆን ያንሸራትታል፤ አዛውንት ወይም ልጅ ካለ ጭራሽ አይሆንም። ነጭ ግራውት (በሴራሚኮቹ መካከል ያለውን ክፍተት የሚሞላው) ወለል ላይ? ማጽዳት ለሚወድ ሰው ይሁን።

ገንዘብ የማይቆጠብበት ቦታ ካለ ከሴራሚኩ ሥር ያለው የውሃ መከላከያ ነው። ሴራሚክና ግራውት ብቻቸውን ውሃ አያግዱም። ከማንጠፍ በፊት የሻወሩ ወለልና ግድግዳ በመከላከያው ይቀባ፤ ማዕዘኖቹ ላይ ማጠናከሪያ ጨርቅ ይኑር። ከደረቀ በኋላ የፍሳሹን አፍ ዘግታችሁ ወለሉ ላይ ጥቂት ሴንቲ ሜትር ውሃ አቁሙ። የውሃውን ልክ ግድግዳው ላይ በእርሳስ ምልክት አድርጉ። ለ24 ሰዓት ይቆይ። በማግስቱ ውሃው ምልክቱ ላይ ካለና ታች ያለው ኮርኒስ ካልረጠበ ይነጠፍ። «ኧረ እኔ ስንት ዓመት ሠርቻለሁ፣ አያስፈልግም» የሚል ባለሙያ ያጋጥማችኋል። አክብራችሁ አስሞክሩ። ግድግዳ ውስጥ የሚቀበሩ የውሃ ቧንቧዎችም ከመዘጋታቸው በፊት በግፊት ይፈተሹ።

በተቃራኒው፣ መቆጠብ የሚቻልበት ብዙ ቦታ አለ። የካቢኔቱ ሣጥን ጤነኛ ከሆነ በሮቹንና ማጠፊያዎቹን ብቻ ቀይሩ። የእንጨት በር አይጣል፤ ይላግና ይቀባ። ቀለም ደግሞ ከሁሉም በትንሽ ወጪ ብዙ ለውጥ የሚያመጣ ነው። አንድ ሊትር በአንድ ዙር ከ10 እስከ 12 ካሬ ይሸፍናል፤ ሁለት ዙር አስቡ። አዲስ ልስን ላይ ግን አትቸኩሉ። ሳይደርቅ ከተቀባ ቀለሙ ይላጣል፤ አራት ሳምንት ያህል ብትጠብቁ ጥሩ ነው። የቀለሙን ናሙናም ግድግዳው ላይ ቀብታችሁ ቀንም ማታም እዩት። 2700 ወይም 3000 ኬልቪን የሚል አምፖል ወደ ቢጫ ያደላል፤ 4000 ነጣ ይላል። አንዱ ቀለም በሁለቱ ሥር ሁለት ቀለም ነው።

ዋጋ ስታወዳድሩ ለሦስት ሰው አንድ ዓይነት ዝርዝር ስጡ። ካልሆነ የምታወዳድሩት የተለያየ ሥራ ነው። ከሁሉም ያነሰው ሲመጣ ምን እንደጎደለው ፈልጉ። አብዛኛውን ጊዜ የማፍረሻው፣ ፍርስራሽ የማንሳቱ ወይም ከሥራው በኋላ የተነካካውን የመጠገኑ ዋጋ አልገባም። ከጠቅላላው ላይ ከ10 እስከ 20 በመቶ ለመጠባበቂያ አስቀምጡ። ቤቱ አሮጌ ከሆነ ወደ 20ው ጠጋ በሉ፤ ሴራሚክ ሲነሣ ከሥሩ ምን እንዳለ ማንም አያውቅም። አሮጌ የአስቤስቶስ ቆርቆሮ ወይም ቧንቧ ካገኛችሁ በራሳችሁ አትስበሩት፤ ብናኙ ሳንባ ይጎዳል።

ክፍያው በደረጃ ይሁን። ቅድሚያ ለመነሻ፣ ከዚያ ያለቀ ሥራ እየታየ። ከ5 እስከ 10 በመቶ የሚሆነው እስከ መጨረሻው ፍተሻ ይያዝ። ያን ቀን ሳንቲም ይዛችሁ ሴራሚኮቹን አንኳኩ፤ ኦና ድምፅ የሚሰጥ ካለ ከሥሩ ማጣበቂያው አልሞላም ማለት ነው። ቧንቧዎቹን ሁሉ አንድ ላይ ክፈቱ። ሶኬቶቹን በስልክ ቻርጀር አንድ በአንድ ሞክሩ። የእጅ መታጠቢያውን ሞልታችሁ ልቀቁና ከሥሩ ባለው ሲፎን (የታጠፈው የፍሳሽ ቧንቧ) ላይ ደረቅ ሶፍት ጠምጥሙ፤ ጠብታ ካለ ሶፍቱ ይነግራችኋል። የተረፈ ሴራሚክ ካለ ሠራተኞቹ ከመውሰዳቸው በፊት አንድ ካርቶን አስቀሩ፤ የቀለሙንም ቁጥር ክዳኑ ላይ እንዳለ ፎቶ አንሡት።