ዚንክ ኦክሳይድ ናኖዋየር ስታበቅሉ እነዚህን አታድርጉ

ናኖዋየር ከፀጉር በጣም የቀጠነ ሽቦ መሳይ ክሪስታል ነው፣ እዚህ የምናበቅለው ብርሃንና ጋዝ ለመለካት ነው። ማብቀሉ ራሱ ያን ያህል አይከብድም። ዚንክ ናይትሬትና ኤችኤምቲኤ (ሄክሳሜቲሊንቴትራሚን የሚባለው ኬሚካል) እኩል ሞላር (ብዙዎች 25 ሚሊሞላር ይሰራሉ) በጥብጦ ሲድ (ዋየሩ የሚነሳበት ስስ የዚንክ ኦክሳይድ ንጣፍ) የተቀባ መስታወት ከትቶ 90 ዲግሪ አካባቢ ለጥቂት ሰዓት ማቆየት ነው። ሰው የሚሳሳተው ግን ትንንሽ የሚመስሉ ነገሮች ላይ ነው።

ለምሳሌ ቢከሩን ክፍት አድርጎ ሆት ፕሌት ላይ መጣድ። የሚከተሉት የጥናት ፔፐር 95 ዲግሪ ስላለ እነሱም 95 ይሞላሉ፣ ጅማ ግን ከባህር ጠለል ከ1,700 ሜትር በላይ ናት፣ ውሃ እዚህ 94 አካባቢ ይፈላል። ከዛ ይተናል፣ ኮንሰንትሬሽኑ ይቀየራል፣ አረፋው መስታወቱን ያንቀጠቅጠዋል። ክዳኑ በደንብ የሚገጥም ጠርሙስ ውስጥ አድርጋችሁ ኦቨን ውስጥ 85 ወይ 90 ላይ ተዉት። የቧንቧ ውሃማ አይታሰብም፣ ዲስቲልድ ካልተገኘ ቀኑን ማዛወር ይሻላል።

መስታወቱን ፊቱን ወደ ላይ አድርጎ ማስተኛትም በጣም የተለመደ ነው። ውሃው ውስጥ የሚፈጠረው ነጭ ዱቄት ቀስ እያለ ይወርድና ላዩ ላይ ይቆለላል፣ እናንተ ናኖዋየር ወፍሮ በቀለ ብላችሁ ትደሰታላችሁ፣ ስታጥቡት ግማሹ ይሄዳል። ሲድ ያለበትን ፊት ወደ ታች አድርጋችሁ አጋድማችሁ አስደግፉት። ሲዱን ሳያቃጥሉ የሚከቱም አሉ፣ ሲድ የሚሆነውን ዚንክ አሲቴት ቀብታችሁ 350 ዲግሪ ላይ ካላቆያችሁት ዋየሩ ወዲያና ወዲህ ተንጋዶ ነው የሚበቅለው።

ብርሃን ልትለኩ ስትሉ ደግሞ በስልክ ፍላሽ አትሞክሩ! ዚንክ ኦክሳይድ በደንብ የሚያየው ከ375 ናኖሜትር በታች ያለውን ነው፣ ፍላሹ ላይ ያ የለም ማለት ይቻላል፣ 365 ዩቪ ኤልኢዲ ፈልጉ። ካጠፋችሁት በኋላም በብርሃኑ የጨመረው ከረንት ቶሎ አይወርድም፣ ምክንያቱም ዩቪው ከዋየሩ ላይ ያባረረው ኦክስጅን ተመልሶ እስኪለጠፍና ኤሌክትሮኑን እስኪይዝ ደቂቃዎች አንዳንዴም ሰዓታት ይፈጃል። እሱን ሳይጠብቁ ሁለተኛውን የለካ ሰው የመጀመሪያውን ትራፊ ነው የሚለካው። እኔ ብሆን ሳምፕሉን ጨለማ ውስጥ አሳድሬው ጠዋት ነው የምለካው፣ መስኮቱንም ዘግቼ።

ጋዝ ስትለኩ (ጋዙ ሲነካው የዋየሩ ሬዚስታንስ ይቀየራል) ትልቁ ጣጣ እርጥበቱ ነው፣ በተለይ ክረምት ላይ። አንዳንዱ አረቄ አጠገቡ ከፍቶ ሬዚስታንሱ ሲወርድ ኢታኖል ዲቴክት አደረገ ይላል፣ አረቄው ውስጥ ግን ውሃም ሞልቷል፣ የውሃ ትነትም ሬዚስታንሱን ያወርደዋል፣ በዛ ላይ ሂተር ከሌለው (ከ200 እስከ 400 ዲግሪ ይፈልጋል) ምላሹ ደካማ ነው። መጀመሪያ ባዶ ውሃ አቅርቡለትና ስንት እንደወረደ መዝግቡ፣ አረቄው ከዛ በኋላ ይደርሳል።