ወንዝ ዳር ስለሆነ ሜዳ ነው አትበሉ፦ ጸጥ ባለ የገጠር መንገድ በብስክሌት ስትጓዙ ልታስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

መኪና በማይገባበት መንገድ ብስክሌት መንዳት ደስታው ለብቻው ነው። ጆሮ ውስጥ የሚገባው የጎማው ድምፅ፣ የወፎቹ ጫጫታና የውሃው ፍሰት ብቻ ነው። ከኋላ የጭነት መኪና ይመጣ ይሆን ብሎ መሳቀቅ የለም። ኮረብታና ወንዝ የበዛበት ገጠር ደግሞ ለዚህ ጉዞ የተሠራ ይመስላል። ሰዎች በጉጉት ሄደው ተማረው ሲመለሱ ሳይ ከልቤ አዝናለሁ። ብዙዎቹን ያስመረራቸው የጉልበት ማነስ አይደለም። ገና ቤት ቁጭ ብለው መስመሩን ሲመርጡ የሠሩት ስህተት ነው።

ቀኑን በኪሎ ሜትር ብቻ መለካት

«በቀን 80 ኪሎ ሜትር እነዳለሁ» የሚል ሰው ሜዳ ላይ ልክ ሊሆን ይችላል። ኮረብታ ላይ ግን ኪሎ ሜትር ግማሽ ወሬ ነው። ሌላው ግማሽ በቀኑ ውስጥ ስንት ሜትር ወደ ላይ ትወጣላችሁ የሚለው ነው።

ሒሳቡ ቀላል ነው። እናንተ፣ ብስክሌቱና ሻንጣው በድምሩ 100 ኪሎ ናችሁ እንበል። ሳትቸኩሉ ስትነዱ እግራችሁ 100 ዋት ያወጣል እንበል። በዚህ ጉልበት 100 ሜትር ከፍታ ለመውጣት፣ የነፋሱና የመንገዱ ጫና ሳይቆጠር፣ 16 ደቂቃ ይፈጃል። በቀን 1000 ሜትር የምትወጡ ከሆነ 2 ሰዓት ከ40 ደቂቃ በላይ ለዳገት ብቻ ሄደ ማለት ነው። ቁልቁለቱ ይመልስልኛል ብላችሁ አትቁጠሩበት። ጠባብና ጠመዝማዛ የገጠር መንገድ ላይ የምትወርዱት ፍሬን እየያዛችሁ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ከፍታውን እዩ፣ ኪሎ ሜትሩ ከዚያ ይደርሳል።

ወንዝ ካለ ሜዳ ነው ብሎ ማሰብ

ይኼ ከሁሉም ይብሳል። ካርታው ላይ ሰማያዊውን መስመር ታያላችሁ፣ መንገዱም አብሮት ይሄዳል። ውሃ ዳገት ስለማይወጣ እኔም አልወጣም ብላችሁ ታስባላችሁ። ሸለቆው ሰፊ ከሆነ እውነት ነው። ወንዙ ጠባብ ገደል ውስጥ ሲገባ ግን ከታች ለመንገድ የሚሆን ቦታ አይተርፍም። ውሃው በገደሉ ሥር ያልፋል፣ መንገዱ ተራራውን ይወጣል።

ሌላው ጣጣ ገባር ወንዞቹ ናቸው። በኮረብታው ወገብ ላይ የሚሄድ መንገድ እያንዳንዱን ገባር ለመሻገር ይወርዳል፣ ከዚያ መልሶ ይወጣል። አንዷ ዳገት 40 ሜትር ብትሆን ምንም አይደለችም። በቀን 15 ጊዜ ስትደጋገም ግን 600 ሜትር ሆነች። እንዲህ ያለ ቀን አሳልፌአለሁ። ተራራ የሚባል ነገር ሳልወጣ ማታ እግሬ አልታዘዝ ብሎኝ ነበር።

መፍትሔው የካርታውን የከፍታ መስመሮች፣ ማለትም እኩል ከፍታ ያላቸውን ቦታዎች የሚያገናኙትን መስመሮች፣ ማንበብ ነው። መስመሮቹ ከወንዙ ራቅ ብለው ከጀመሩ፣ ከታች ሰፊ ሜዳ አለ። ውሃው ጠርዝ ድረስ መጥተው ከታጨቁ ገደል ነው። መንገዱ መስመሮቹን ደጋግሞ የሚቆርጥ ከሆነ ስትወጡና ስትወርዱ ልትውሉ ነው። ከአንድ መስመር ጋር ጎን ለጎን የሚሄድ ከሆነ ግን እፎይ በሉ። አንዳንዴ የሸንተረሩ ጫፍ ላይ ያለው መንገድ ከወንዙ ዳር ይልቅ ይቀላል። አንዴ ከወጣችሁ ገባር አይቆርጣችሁም። ከሁሉም የሚከብደው ሸለቆዎቹን አንድ በአንድ እያቋረጠ የሚሄደው ነው።

እኔ በእንዲህ ያለ አገር መጀመሪያ የምፈልገው ባቡር የተወውን መስመር ነው። ባቡር ቀጥ ያለ ዳገት መውጣት አይችልም። ስለዚህ መሐንዲሶቹ ኮረብታውን ቆርጠው፣ ጎድጓዳውን ሞልተው፣ ዋሻ ፈልፍለው ዳገቱን አብዛኛውን ጊዜ ከ2 ወይም ከ3 በመቶ እንዳያልፍ አደረጉት፤ በ100 ሜትር መንገድ 2 ወይም 3 ሜትር መውጣት ማለት ነው። ሐዲዱ ሲነሳ ያ ሁሉ ልፋት ለብስክሌተኛው ተረፈ። በኒውዚላንድ የኦታጎ መስመር በዚህ መንገድ 152 ኪሎ ሜትር ይሄዳል። በአሜሪካ ከፒትስበርግ እስከ ከምበርላንድ የሚዘልቀው ግሬት አሌጌኒ ፓሴጅ 240 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ተራራ አቋርጦ ያልፋል፣ ዳገቱ ግን በአብዛኛው 2 በመቶ እንኳ አይሞላም። አካባቢያችሁ ካርታ ላይ ያለ ሹል ኩርባ ቀስ ብሎ የሚታጠፍ የእግር መንገድ ካያችሁ፣ ድሮ ባቡር ያለፈበት ሊሆን ስለሚችል አጣሩ።

የትኛውን ዳር እንደሚይዙ አለመወሰን

ወንዝ ሁለት ዳር አለው፣ ሁለቱ ደግሞ አንድ አይደሉም። ብዙ ቦታ ዋናው የመኪና መንገድ በአንዱ ዳር ይሄዳል። ጸጥታው ያለው ማዶ ነው። ችግሩ ድልድይ እንደ ልብ አለመገኘቱ ነው። ቀጣዩ ድልድይ 20 ኪሎ ሜትር ርቆ ከሆነ፣ ጠዋት የያዛችሁት ዳር ቀኑን ሙሉ የእናንተ ነው። ከመነሳታችሁ በፊት ድልድዮቹን ካርታ ላይ ምልክት አድርጉ።

ጀልባም ቁጠሩ። ኦስትሪያ ውስጥ ሽሎገን አካባቢ የዳኑብ ወንዝ ክፉኛ ሲጠማዘዝ፣ ብስክሌተኞችን የሚያሻግሩ ትንንሽ ጀልባዎች አሉ። እንዲህ ያሉ ጀልባዎች ግን ቀኑን ሙሉ አይሠሩም፣ በብርድ ወራትም ብዙዎቹ ይቆማሉ። የመጨረሻው የሚነሳበትን ሰዓት ሳታውቁ ተስፋ አታድርጉባቸው።

ወንዙን ተከትሎ መውረድ ሁልጊዜ ይቀላል ብሎ መገመት

ትልቅ ወንዝ ሲወርድ የሚሰጣችሁ ቁልቁለት ከምታስቡት ያንሳል። በዳኑብ ዳር ከጀርመኗ ፓሳው እስከ ኦስትሪያዋ ቪየና ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። በዚህ ሁሉ ርቀት የምትወርዱት 150 ሜትር ገደማ ብቻ ነው። እግር አያውቀውም። እግር የሚያውቀው ነፋሱን ነው።

ተራራማ ሸለቆ ውስጥ ደግሞ ነፋሱ የራሱ ሰዓት አለው። ጥርት ባለ ቀን ፀሐይ ተራራዎቹን ስታሞቅ፣ ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ከታች ወደ ላይ፣ ማለትም ከወንዙ ፍሰት ተቃራኒ ይነፍሳል። ሌሊት ይገለበጣል። ወደ ታች የምትወርዱ ከሆነ በጠዋት ተነሱና ከሰዓት በፊት ጨርሱ። አለበለዚያ ቁልቁል እየሄዳችሁ ዳገት የምትወጡ ይመስላችኋል። በጠዋት ስትነሱ ግን ጃኬት አትርሱ። ቀዝቃዛ አየር ሌሊት ወደ ሸለቆው ይወርዳል፣ ጉሙም እዚያው ይተኛል።

አፑ «የብስክሌት መንገድ» ስላለ ማመን

የመንገድ መምረጫ አፕ ያገዘኝን ያህል ጭቃ ውስጥም ከቶኛል። ብስክሌት ይፈቀዳል ማለት ብስክሌት ይነዳበታል ማለት አይደለም። ለስላሳ አስፋልት፣ ጠጠር፣ ሣር የበቀለበት የትራክተር መንገድ፣ አንዳንዴም የድንጋይ ደረጃ በአንድ ዓይነት ቀለም ሊታዩ ይችላሉ። በጎ ፈቃደኞች የሚሠሩትን ነፃ ካርታ፣ ኦፕንስትሪትማፕን፣ መሠረት ያደረጉ ካርታዎች ብዙ ጊዜ የመንገዱን ወለል ይነግራሉ። እሱን ፈልጉ። ካልተጻፈ የሳተላይት ፎቶውን አጉልታችሁ እዩ።

የከፍታ ቁጥሩንም በጭፍን አትቀበሉ። አፑ ከፍታ የሚወስደው ከመሬቱ ገጽ ነው። እናንተ በዋሻ ውስጥ ስታልፉ እሱ ተራራውን ወጥቶ ይወርዳል። ረጅም ድልድይ ላይም ሸለቆው ሥር የገባችሁ ይመስለዋል። ለዚህ ነው ዋሻና ድልድይ ያለው የድሮ የባቡር መስመር ከእውነቱ የከበደ ሆኖ የሚታየው። ያ ቁጥር አስፈርቶ ጥሩ መንገድ እንዳያስቀራችሁ።

ካርታውን ስልኩ ላይ አስቀድማችሁ አውርዱ። ጥልቅ ሸለቆ ውስጥ ብዙ ጊዜ ኔትወርክ የለም።

ለመንገዱ የማይሆን ብስክሌት ይዞ መውጣት

ሻንጣ ተጭኖ ዳገት የሚወጣ ሰው ፍጥነት ሳይሆን ቀላል ማርሽ ነው የሚያስፈልገው። ዝቅተኛው ማርሽ ላይ ፔዳሉ ጋ ያለው ጥርስ ቁጥር ከኋላው ጎማ ጥርስ ማነስ አለበት። ከፊት 30፣ ከኋላ 36 ቢሆን፣ ፔዳሉ አንዴ ሲዞር ጎማው አንድ ዙር አይሞላም። ቀስ ብላችሁ፣ ጉልበታችሁን ሳትጎዱ ትወጣላችሁ። ጎማም ከ40 ሚሊ ሜትር አካባቢ ቢጀምር ጥሩ ነው። ቀጭን ጎማ ልቅ ጠጠር ላይ ይሰምጣል። ሰፊውን ደግሞ እስኪደርቅ አትንፉት፣ ትንሽ ለስለስ ሲል መንገዱን ይይዛል።

ቁልቁለት ላይ ፍሬኑን ጨብጣችሁ አትውረዱ። ይግላል፣ ሲግል ይደክማል። ቀጥታው ላይ ጠንከር አድርጋችሁ ያዙ፣ ፍጥነቱን ቀንሱ፣ ልቀቁት፣ እንዲበርድ ጊዜ ስጡት። የጎማውን ቸርኬ የሚይዝ ፍሬን ከሆነ ዝናብ ላይ ዘግይቶ እንደሚይዝ አስቡ። ከመንገዱ መታጠፊያ ብዙ ቀድማችሁ ጀምሩ።

ወቅቱን መርሳት

ወንዝ ሲሞላ መጀመሪያ ውሃ የሚገባው በድልድይ ሥር የሚያልፈው ቁራጭ መንገድ ነው። ውሃው ከሄደም በኋላ የሚቀረው ስስ ጭቃ እንደ ሳሙና ያንሸራትታል። እዚያ ወርዶ መግፋት ነው የሚሻለው።

ዋሻዎችም ይዘጋሉ። በእንግሊዝ፣ በዋይ ወንዝ ሸለቆ ያለው 1 ኪሎ ሜትር ያህል የሚረዝመው የቲደንሃም ዋሻ በብርድ ወራት የሚዘጋው ውስጡ ለሚያንቀላፉት የሌሊት ወፎች ሲባል ነው። ክፍት ዋሻ ውስጥ ስትገቡ የፀሐይ መነጽራችሁን አውልቁ፣ መብራት አብሩ፣ ዓይናችሁ እስኪለምድ ቀስ በሉ።

መንገዱን የብስክሌት ብቻ ማድረግ

መኪና የሌለበት መንገድ ሕፃናት፣ አዛውንት፣ ውሻና ፈረስ የሚሄዱበት ነው። ፈረስ ከኋላ ድንገት የሚመጣ ነገር ያስደነግጠዋል፣ ደወሉም ሊያስበረግገው ይችላል። ከሩቅ በድምፃችሁ ሰላም በሉ፣ የጋላቢው መልስ እስኪመጣ ጠብቁ፣ ሰፊ ቦታ ትታችሁ ቀስ ብላችሁ እለፉ። የግጦሽ በር ደግሞ ተዘግቶ ካገኛችሁት ዝጉት፣ ክፍት ካገኛችሁት ክፍት ተዉት። ገበሬው ክፍት የተወው ከብቶቹ ወደ ውሃው እንዲወርዱ ብሎ ሊሆን ይችላል።